ማቆሚያውን ከእጅሽ አታውጪ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። «ርዕሰ መምህሩ ስልክ ክፍል አይገባም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ልብ ደምን እንዴት እንደሚረጭ በሚንቀሳቀስ ሥዕል ባሳያቸው ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ማን ነው ልክ?» ብለሻል። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ ብልሽ፣ ሽማግሌ ስለሆንኩ ላስታርቅ የፈለግኩ ይመስልሻል። አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርልሽ፤ ሥሩ ያለው ደግሞ ከስልክ በፊት በመጣው በፕላዝማው ላይ ነው።

አንቺ ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሽም። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የምንላቸው ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ገቡ። ትምህርቱ ከሳተላይት ይወርዳል። ጎንደርም ሆነ ጅማ፣ ሐረርም ሆነ ደሴ፣ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ በአንድ ደቂቃ ይጀምራል፣ በአንድ ደቂቃ ያበቃል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ዝግጅቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ቴሌቪዥኑ ይወስዳል። መምህሩ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል።

ስለ ፕላዝማ ክፉ ክፉውን ብቻ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ቤተ ሙከራው ባዶ ክፍልና የተሰባበረ ብርጭቆ ለሆነበት ትምህርት ቤት ፕላዝማው ትልቅ ነገር ነበር። ሶዲየም ውሃ ላይ ሲነድ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ያዩት በእሱ ነው። በዚያ ቀን የነበረው ፀጥታ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አቅራቢዋ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገና ወደ አማርኛ ሲመልሱት እሷ መልሱን ተናግራ፣ አመስግናቸው አልፋለች። አንድም ሰው ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» እንባላለን። መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ሳቁም ቀረ። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱ በአናታችን ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ነገ ሌላ ርዕስ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለሳተላይት ትምህርት አስቀድሞ የተዘጋጀ ይመስል፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል መቀለጃችን እሱ ነበር።

በእኔ ፍርድ የፕላዝማው ጥፋት አንድ ነው፤ አይቆምም። እጁን ያወጣ ልጅ እያለ «ቆይ» የሚባል ነገር የለም። መምህሩ በገዛ ክፍሉ አብሪና አጥፊ ሆኖ ቀረ። ሥዕሉ በራሱ ፍጥነት ይሮጣል፣ ልጁ በራሱ ፍጥነት ይከተላል፣ ሁለቱ ሲራራቁ መሃል ገብቶ የሚያገናኛቸው ሰው አልነበረም።

ዛሬ በቦርሳሽ የያዝሽው ስልክ ያ ሁሉ ሳተላይትና ያ ሁሉ ቴሌቪዥን ያልነበረው ነገር አለው፤ በጣትሽ ጫፍ ስትነኪው ይቆማል። የምመክርሽ ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የወጣ ነው። የኔታ ፊት ተቀምጠን ፊደል ስንቆጥር ስንጥሩ በእጃችን ነበር፤ ስንጥሩ ያረፈበት ፊደል በደንብ ሳይጠራ ወደሚቀጥለው አይነሳም። ስልኩን እንደዚያ ስንጥር ያዢው።

ይህን የሚለው እኔ ሽማግሌው ብቻ አይደለሁም። ባርባራ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አውጥተዋል። አኒሜሽን ከቆመ ሥዕል ይበልጣል የሚሉትን ጥናቶች አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ብልጫ ታየባቸው በተባሉት ውስጥ ተንቀሳቃሹ ሥዕል ከቆመው የበለጠ መረጃ ተጨምሮበት አገኙት። መንቀሳቀሱ ብቻውን ያመጣው ጥቅም እምብዛም ነው። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ አኒሜሽን ብዙ ጊዜ ወይ ይወሳሰባል ወይ ይፈጥናል፣ ዓይን ሳይዘው ያልፋል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይኸው ነው።

ሪቻርድ ሜየር የሚባሉት የሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ደግሞ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ሙከራ ለእኛ ሥራ ይበልጥ ይቀርባል። መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን ወስደው 16 ቦታ ቆራረጡት። አንዱ ቡድን ከዳር እስከ ዳር ሳይቆም አየው። ሌላው ቡድን አንዷን ቁራጭ አይቶ፣ ሲገባው ቁልፍ ነክቶ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በኋላ የተማሩትን ለአዲስ ችግር እንዲጠቀሙበት ሲጠየቁ እያቆሙ ያዩት በለጡ። ሥዕሉ ያው ነው፣ ድምፁ ያው ነው፤ ማቆሚያው በማን እጅ እንዳለ ብቻ ነው የተለየው። ይህን ሳነብ ፕላዝማው ፊት የተቀመጡት ልጆቼ በዓይኔ መጡብኝ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ፣ ሁሉን ነገር በስልክ አታሳዪ። ቅጠል ለማሳየት ስልክ ምን ይሠራል? ግቢያችሁ ባሕር ዛፍ አለ። የባቄላ ፍሬን አሳድረሽ በውሃ ዘፍዝፈሽ ለየልጁ አንዳንድ ብትሰጪያቸው በጥፍራቸው ከፍለው ሽሉን ያገኙታል፤ ከየትኛውም ፊልም ይበልጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ስልኩን የምታወጪው ዓይን ለማያየው ነገር ነው፤ እጅግ ለደቀቀው፣ እጅግ ለዘገየው፣ እጅግ ለፈጠነው፣ አጥንትና ቆዳ ለሸፈነው። ሕዋስ ሲከፈል፣ የልብ በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም ሲሻገር፣ ይህ ለስልክ ይገባል።

የጂኦግራፊው መምህርም ድርሻ አለው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድር ሲሰነጠቅ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ላይ የቀለጠ ዓለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ አራርቆታል፤ ያውም በጥቂት ቀናት። ይህን በጠመኔ ብትስይው ሁለት ቀስት ነው። በሚንቀሳቀስ ሥዕል ግን ከላይ የሚታየው ስንጥቅና ከሥር ያለው ዓለት አንድ ላይ ሲሠሩ ይታያል። የራሳችን አገር ምድር ነው፤ ተማሪዎቹ የሌላ አገር እሳተ ገሞራ ብቻ አይተው የሚጨርሱበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀጥሎ፣ ሥዕሉ እንደሚዋሽ ንገሪያቸው። ይህን የሚናገር መምህር ጥቂት ነው። አብዛኛው የልብ አኒሜሽን ኦክስጅን የቀነሰበትን ደም ሰማያዊ አድርጎ ይቀባዋል፤ ፈተና ላይ «ወደ ልብ የሚመለስ ደም ሰማያዊ ነው» ብለው የሚጽፉልሽ ልጆች ከዚያ የቀዱት ነው። ደም ሁልጊዜም ቀይ ነው፤ አንዴ ደመቅ፣ አንዴ ጠቆር ይላል እንጂ። መሬትና ፀሐይ ስክሪን ላይ የአንድ ስንዝር ጎረቤታሞች ናቸው፤ በእውነቱ መካከላቸው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ፀሐይም በወገቧ መሬትን 109 እጥፍ ትበልጣለች። በስክሪን ላይ ሁለቱን በልካቸውም በርቀታቸውም አንድ ላይ ማሳየት ስለማይቻል ሠዓሊው አንዱን ይሠዋል። የሕዋስ ክፍፍልም በግማሽ ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም፤ ሰዓት ይፈጃል። ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? ልባቸው እንዲፈርድ ዕድል ስጪው። ፊልሙን አቁመሽ «ከዚህ ሥዕል ውስጥ እውነት ያልሆነው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ በማስተማር ዘመኔ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም፤ ሰነፍ የምንለው ልጅ ሳይቀር እጁን ያወጣበታል።

የልቡን ትምህርት እንዴት እንደምትመሪው ልንገርሽ። ስልኩ ከመውጣቱ በፊት የልብን አራት ክፍሎች ሰሌዳ ላይ ስለሽ፣ ደም ከሳንባ ተመልሶ በየት በየት እንደሚያልፍ በደብተራቸው በቀስት ይገምቱ። ይሳሳቱ፤ ግድ የለም፣ የገመተ ሰው መልሱን ለማየት ይጓጓል። ከዚያ ፊልሙን ድምፁን አጥፍተሽ አሳዪያቸው። እነዚህ ፊልሞች አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ይናገራል፣ ከሥር እንግሊዝኛው ይጻፋል፣ ከላይ ሥዕሉ ይሮጣል፣ ልጁ ከሦስቱ የትኛውን ይያዝ? አንቺ በአማርኛ ተናገሪ፤ ቃሉን፣ ፈተናው የሚፈልገውን የእንግሊዝኛ ስም፣ ሰሌዳ ላይ ጻፊው። የግራው በር ሊዘጋ ሲል አቁሚ። «አሁን ባይዘጋ ምን ይሆናል?» በዪ። ጠብቂ፤ ዝምታውን አትፍሪው። የፕላዝማዋ አቅራቢ ያልቻለችው ይህንን ነበርና። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ሳታቋርጪ አሳዪያቸው። መጨረሻ ላይ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ክተቺና ጎን ለጎን የተቀመጡት ለጓደኞቻቸው በቃላቸው ያስረዱ፣ የገመቱትን ቀስትም ያርሙ። የሁለት ደቂቃ ፊልም ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ፊልም አብርቶ ወንበር ላይ የተቀመጠ መምህር አስተማረ አልልም፤ አረፈ እንጂ።

«ስልኩ አንድ፣ ተማሪው ስልሳ» ትይኛለሽ። ፕሮጀክተር ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ከባልደረቦችሽ ሁለት ሦስት ስልክ ተበደሪ፣ ስድስት ስድስት አድርገሽ መድቢያቸው። ተራ የደረሳቸው ሲያዩ ሌሎቹ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ይሥሩ፤ የእጃቸውን የደም ምት አንዴ ተቀምጠው፣ አንዴ ቦታቸው ላይ ዘለው ይቁጠሩ። በየቡድኑ ማቆሚያውን የሚነካ አንድ ልጅ ይመረጥ፤ ሌላው «አቁም» ሲለው የማቆም ግዴታ አለበት። ያን ልጅ ደጋግመሽ ቀያይሪው፤ በተለይ ከኋላ የምትቀመጠውን፣ አፏን የማትከፍተውን ልጅ ሹሚያት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ክፍል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ስድስት ልጅ በአንድ ስልክ ላይ ሲከራከር ስድስት ልጅ በስድስት ስልክ ዝም ብሎ ከሚያይ ይልቅ ይማራል።

ጥቃቅኑን በፍጥነት ልንገርሽ። ፊልሙን ማታውኑ አውርጂ፣ ክፍል ገብተሽ ኔትወርክ አትፈልጊ። ከዳር እስከ ዳር ራስሽ እዪው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ መሃል ላይ ምን ዓይነት ማስታወቂያ እንደሚገባ አይታወቅም። ስልኩን ከኔትወርክ አውጪው፤ የእጮኛሽ መልእክት በስልሳ ልጅ ፊት ብቅ ቢል እስከ ሰኔ ድረስ አይለቁሽም። ባትሪውን ሙዪ። ቢሆንም መብራትም ባትሪም እንደሚከዱ ቆጥረሽ፣ ያንኑ የልብ ሥዕል በትልቅ ወረቀት ስለሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። የፊዚክሱንና የኬሚስትሪውን መምህር ደግሞ ፌት (PhET) የሚባለውን የሳይንስ ምስለ ሙከራ እንዲፈልጉ ንገሪልኝ። በኖቤል ተሸላሚው በካርል ዋይማን አነሳሽነት በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ወርዶም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ተማሪው ገመዱን ይቀጥላል፣ አምፖሉ ይበራል፤ እያየ ብቻ አይቀመጥም።

አሁን ወደ ርዕሰ መምህሩ። ስለ ተማሪ ስልክ የሚሉት እውነት ነው። እሳቸው በ2008 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውሳሉ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ፣ ፈተናው ተሰርዞ አገር ታመሰ። የዩኔስኮ የ2023 እ.ኤ.አ. ሪፖርትም አንድ ተማሪ በስልክ ከተዘናጋ ወደ ትምህርቱ እስኪመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅበት እንደሚችል ጽፏል፤ ከክፍለ ጊዜሽ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ «ለትምህርት ነው» ብሎ የተከፈተ ስልክ ወዴት እንደሚሄድ አንቺም እኔም እናውቃለን። ሌላም አለ። ስልክ ይዛችሁ ኑ ያልሽ ቀን አባቱ ስልክ የሌለው ልጅ ይቀራል፣ ወይም ይሰርቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ትምህርቱ በቴሌግራምና በቴሌቪዥን ሲዞር፣ ቀድሞ የወደቀው ማን እንደነበር አይተናል። መጽሐፉ ታትሞ ሳይደርስ በፒዲኤፍ ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ ያየሁበት ጊዜም ሩቅ አይደለም፤ ያንን ችግር መፍታት ያለበት አታሚው ነው፣ የልጁ ኪስ አይደለም።

ስለዚህ የተማሪ ስልክ ይግባ ብለሽ አትከራከሪ። የመምህር ስልክ፣ በታወቀ ክፍለ ጊዜ፣ በትምህርት ዕቅድ ላይ ተጽፎ ይግባ በዪ። ዕቅዱን በወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ የትኛው ፊልም፣ ስንት ደቂቃ፣ የት የት ላይ እንደሚቆም፣ ምን እንደሚጠየቅ። እንዲህ ሆነሽ ስትሄጂ እምቢ የሚልሽ ርዕሰ መምህር ይኖራል ብዬ አላምንም። ቢኖርም አንዴ ክፍልሽ ገብተው እንዲያዩ ጋብዣቸው። ያልተዘጋጀ መምህር ይዞት ሲገባ ግን ስልኩን ቢከለክሉት አልፈርድባቸውም፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

«ልጆቹ እኮ ከእኔ ይበልጥ ስልክ ያውቃሉ» የሚል መምህር ሰምቻለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ አስቀምጠው ነበር፤ መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። ልጆቹ ካርቶኑን ቀደው በደቂቃዎች ውስጥ አበሩት፤ ከወራት በኋላ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱት ተብሎ በዓለም ተወራ። አምናለሁ፤ የኛ ልጅ ብልህ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለውን ተረትም በዚህ ነገር አልቀበለውም፣ ስልኬን የሚያስተካክልልኝ የልጅ ልጄ ነው። ነገር ግን ማብራት ሌላ፣ ማንበብ ሌላ፤ ካሜራ የከፈተ ልጅ ደም በየት እንደሚዞር ገና አላወቀም። ያንን የሚያሳውቀው «ቆይ፣ ለምን?» የሚለው ሰው ነው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ደስ የሚለኝ ነው። የሰውን ፊልም ብቻ ስታሳዪ አትኑሪ፤ ራሳችሁም ሥሩ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ድርጅት አቋቁመው፣ ከካልሲ አሻንጉሊት ሠርተው፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ዝግጅት ጀመሩ። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ በሚቀጥለው ዓመት በቴሌቪዥን ወጣች፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አገኘች። በአማርኛ የምትጠይቅ፣ የኛን ልጅ ጥያቄ የምትጠይቅ ስለሆነች ነው ልጆቹ የወደዷት። ካንቺ ቀጭኔ አይጠበቅም። ባቄላ በብርጭቆ ውስጥ አስበቅዪ፣ ስልኩ የሚቆምበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጊበት፣ ልጆቹ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያንሱት። በሁለት ሳምንት 42 ፎቶ ይሆናል፤ በሰከንድ ስድስት አድርገው ሲያገጣጥሙት ባቄላው በሰባት ሰከንድ ይበቅላል። ማገጣጠሙን ለእነሱ ተይው፣ ካፕከት የሚባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ከኛ ይበልጥ ያውቁታል። የልቡን ደግሞ ወለል ላይ በጠመኔ ስለው፣ ቆርኪውን ደም አድርገው፣ ትንሽ ትንሽ እየገፉ ያንሱት። ቆርኪውን ወደ ሳንባ ሳይወስድ ወደ እጅ የላከውን ልጅ ጓደኞቹ ወዲያው ይይዙታል፤ ያኔ ከማንኛውም ፈተና በፊት ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ታውቂያለሽ። ድምፁን በአማርኛ ራሳቸው ይቅረጹ።

ያንን የሠራችሁትን ፋይል ደግሞ በስልክሽ ብቻ አታስቀምጪው። መምህር ይዛወራል፣ ስልክም ይጠፋል። በፍላሽ ገልብጠሽ፣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ጽፈሽበት፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በፊርማ አስረክቢ፤ አንቺ ስትዛወሪ በቦታሽ የሚመጣው መምህር ከባዶ እንዳይጀምር።